ክብደት አንሺው ከዲጋ ገበያ ምን ይሸምታል?

ለማኅበሩ ዓመታዊ ስብሰባ የቀረበ ንግግር



በነቀምቴና በወለጋ ከተሞች ብረት የሚያነሣ ወጣት ማግኘት ዛሬ አያስቸግርም። የተሟላ መሣሪያ ያለበት ቤት ያገኘ በዚያ ይሠራል፤ ያላገኘው ደግሞ ሁለት ባዶ ቆርቆሮ በሲሚንቶ ሞልቶ፣ በመካከላቸው የብረት ዘንግ ሰክቶ በግቢው ውስጥ ይሠራል። ጡንቻ ከውጭ አገር የመጣውን ብረት ከሲሚንቶው ለይቶ አያውቅም። ልዩነት የሚመጣው ሥራው ካለቀ በኋላ፣ ወጣቱ ከማዕድ ፊት ሲቀርብ ነው። ለአካል ማጎልመሻ መምህሩና ለጤና ባለሙያው ዘወትር የሚቀርብላቸው ጥያቄም ይኸው ነው፦ «ምን ልብላ?»

ለዚህ ጥያቄ መልስ የሚሰጡ ሰዎች ብዙዎች ናቸው። አንዱ ጥሬ እንቁላል ጠጣ ይላል፤ ሌላው ያለ ሥጋ ጉልበት የለም ይላል፤ ሦስተኛው ደግሞ ደረቱ የተነፋ ሰው ሥዕል የተለጠፈበትን የዱቄት ቆርቆሮ አውጥቶ ያሳያል። ወጣቱ በእናቱ ጓዳ ያለውን እህል ቆጥሮ እንዲመለከት የሚነግረው ግን ጥቂት ነው። ከነቀምቴ ወደ ጊምቢ በሚወስደው መንገድ ላይ የምትገኘው ዲጋ ለዚህ ጥሩ ምሳሌ ትሆናለች። ደጋማው ክፍሏ ጤፍና ጥራጥሬ፣ ወደ ዴዴሳ ወንዝ የሚወርደው ቆላማ ክፍሏ በቆሎና ማሽላ ያበቅላሉ፤ ዳጉሳውም፣ ኑጉም፣ አንጮቴውም አሉ። ከዚህ እህል ለክብደት አንሺ የሚበቃ ማዕድ ይወጣል ወይስ አይወጣም የሚለው በቁጥር ሊመረመር የሚገባው ጉዳይ ነው። ለአንድ ቆርቆሮ ዱቄት የሚወጣው ገንዘብ ብዙውን ጊዜ ከቤተሰቡ ቀለብ ላይ የሚቀነስ ሲሆን፣ በዚያው ቤት ብረት የማያነሡ፣ ነገር ግን በማደግ ላይ ያሉ ታናናሾች አሉና።

በቅድሚያ ሥጋ ብቻውን የጉልበት ምንጭ ነው የሚለውን እምነት መመልከት ይገባል። እምነቱ የተራው ሕዝብ ብቻ አልነበረም። በ19ኛው ምዕተ ዓመት ታላቁ የጀርመን ኬሚስት ዩስቱስ ፎን ሊቢግ፣ ጡንቻ ሲሠራ የሚያነደው የራሱን ፕሮቲን ነው ብሎ ያስተምር ነበር። እ.ኤ.አ. በ1865 አዶልፍ ፊክና ዮሐንስ ቪስሊሴኑስ የተባሉ ሁለት ሊቃውንት ይህን ትምህርት ለመፈተን በስዊዘርላንድ የሚገኘውን የፋውልሆርን ተራራ በእግራቸው ወጡ። ከጉዞው አስቀድመው ጀምረው ፕሮቲን ያለበትን ምግብ ሁሉ ትተው፣ ከስታርች፣ ከስብና ከስኳር የተሠራ ነገር ብቻ ይመገቡ ነበር። በመንገድ ላይ ሽንታቸውን አጠራቅመው በውስጡ የሚገኘውን ናይትሮጅን ሲለኩ፣ በአካላቸው ውስጥ የተቃጠለው ፕሮቲን ያን ሁሉ ዳገት ለመውጣት ከሚያስፈልገው ኃይል እጅግ ያነሰ ሆኖ ተገኘ። ሰዎቹን ተራራው ላይ ያወጣቸው ስታርቹና ስቡ ነበር።

ተራራ መውጣትና ብረት ማንሣት አንድ አይደሉም ሊባል ይቻላል፤ እውነትም ነው። ብረት በአንድ ጊዜ ሲነሣ መጀመሪያ የሚሠራው በጡንቻ ውስጥ ተዘጋጅቶ የሚቆየው ክሬቲን ፎስፌት ነው፤ ሥራው ሲደጋገም ደግሞ ግላይኮጅን የተባለው ክምችት ይከተላል። ግላይኮጅን የሚሠራው ከእንጀራው፣ ከቂጣው፣ ከገንፎው ነው። የፕሮቲን ተግባር በሥልጠናው የተጎዳውን ጡንቻ መጠገንና ማወፈር ነው። በትምህርት ቤት «ኃይል ሰጪ» እና «ሰውነት ገንቢ» ተብለው የሚለዩት ሁለቱ የምግብ ክፍሎች በክብደት አንሺው ዘንድ ከሌላው ሰው ይልቅ ይጣመራሉ። ኃይል ሰጪው ሲያንስ አካሉ ገንቢውን ማገዶ አድርጎ ያነደዋል። ምሳውን ትቶ ማታ ሦስት እንቁላል የሚበላ ወጣት የእንቁላሉን ጥቅም ከፊሉን በዚህ መንገድ ሊያጣው ይችላል።

የፕሮቲኑ መጠን ስንት መሆን አለበት? ለተራ አዋቂ ሰው በእያንዳንዱ የሰውነት ኪሎ 0.8 ግራም ይበቃል ይባላል። ክብደት ለሚያነሣ ግን ይህ አይበቃም። እ.ኤ.አ. በ2018 የወጣ፣ 49 ጥናቶችንና 1,863 ተሳታፊዎችን ያጠቃለለ ምርመራ እንደሚያሳየው፣ በቀን እስከ 1.6 ግራም በኪሎ ድረስ መጨመር ለጡንቻ ይረዳል፤ ከዚያ በላይ የተጨመረው ግን በአማካይ የሚታይ ተጨማሪ ጥቅም አላስገኘም። ስለዚህ 75 ኪሎ የሚመዝን ወጣት 120 ግራም ፕሮቲን ያስፈልገዋል ማለት ነው። ዱቄት ሻጩ ከዚህ እጥፍ ቢናገር በዕቃው ላይ ያለውን ፍቅር መረዳት አያዳግትም።

አሁን ወደ ገበያው እንሂድ። የዲጋና የአካባቢዋ ዋና እህል በቆሎ ነው። ከመቶ ግራም በቆሎ ዘጠኝ ግራም ያህል ፕሮቲን ይገኛል፤ ይሁን እንጂ ይህ ፕሮቲን ጉድለት አለበት። ሰውነት ራሱ ሊሠራቸው ከማይችላቸው አሚኖ አሲዶች መካከል ላይሲንና ትሪፕቶፋን በበቆሎ ውስጥ እጅግ ያንሳሉ። ግድግዳ የሚሠራ ግንበኛ ድንጋዩ ተትረፍርፎ ጭቃው ቢያልቅበት ሥራው እንደሚቆም ሁሉ፣ ላይሲን ሲጎድል የቀሩት አሚኖ አሲዶች ለግንባታ ሳይውሉ ይባክናሉ። ባቄላ፣ አተር፣ ሽምብራና ምስር ግን በላይሲን የበለጸጉ ናቸው፤ እነርሱ ደግሞ ሜታዮኒን የተባለው ያንሳቸዋል፤ እርሱን እህሉ ያሟላል። እንጀራና ሽሮ፣ ቂጣና የባቄላ ወጥ፣ ቆሎና ሽምብራ አብረው እንዲበሉ ያደረጉ እናቶች የአሚኖ አሲድን ስም አያውቁም ነበር፤ ሥራውን ግን ሠርተውታል።

የበቆሎውን ጉድለት ከዘሩ ለመንቀል የተደረገ ጥረትም አለ፤ የተደረገውም ከዲጋ ብዙ በማይርቅ ስፍራ ነው። እ.ኤ.አ. በ1964 በአሜሪካ የፐርዱ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች አንድ የበቆሎ ዓይነት ከተለመደው ይበልጥ ላይሲን እንደሚይዝ አስታወቁ። ያ በቆሎ ፍሬው ለስላሳ፣ ምርቱ ዝቅተኛ፣ ለነቀዝም የተጋለጠ ስለነበረ ገበሬ አልወደደውም። ሱሪንደር ቫሳልና ኢቫንጀሊና ቪሌጋስ በሜክሲኮ ለረጅም ዓመታት ደክመው ፍሬው የጠነከረና የተሻለ ፕሮቲን ያለው በቆሎ አወጡ፤ በዚህም ሥራቸው እ.ኤ.አ. በ2000 የዓለም የምግብ ሽልማትን ተቀበሉ። ከአዲስ አበባ ወደ ነቀምቴ በሚወስደው መንገድ ላይ የሚገኘው የባኮ የግብርና ምርምር ማዕከልም ከዚህ ወገን የሆነውን ቢኤችኪውፒ 542 የተባለ ዝርያ እ.ኤ.አ. በ2001 ለገበሬው አቀረበ። እንዲህ ያለውን በቆሎ የዘራ ቤተሰብ ካለ ልጁ ክብደት ቢያነሣም ባያነሣም ተጠቃሚ ነው። ባይኖርም የባቄላው መንገድ ክፍት ነው።

ለአንድ ቀን የሚሆነውን በጓዳ ስሌት እንመልከት። ወጣቱ በቀን ውስጥ ግማሽ ኪሎ ያህል የእህል ዱቄት፣ ማለትም የጤፍና የበቆሎ እንጀራ፣ የማሽላ ቂጣ፣ ገንፎ ወይም ቅንጬ ሆኖ የተሠራ ቢበላ፣ 45 ግራም ያህል ፕሮቲን ያገኛል። ከአፉ ጥቂት በጎደለ የውሃ ብርጭቆ የተለካ ደረቅ ባቄላ፣ አተር ወይም ሽምብራ 150 ግራም ያህል ሲሆን፣ እርሱ 30 ግራም ይጨምራል። ሃምሳ ግራም ኦቾሎኒ 12 ግራም፣ ሁለት እንቁላል 12 ግራም፣ ግማሽ ሊትር ወተት 16 ግራም፣ 300 ግራም አንጮቴ ደግሞ 8 ግራም ያህል ይሰጣሉ። ሲደመር ከ120 ያልፋል። ጠቅላላው ኃይልም ከ3,000 ኪሎ ካሎሪ በላይ ነው። ሥጋ በዚህ ስሌት ውስጥ አልገባም። ሥጋ ሲገኝ መልካም ነው፤ መቶ ግራም ቀይ ሥጋ 20 ግራም ያህል ፕሮቲን ይሰጣል፣ አካል በቀላሉ የሚቀበለውን ብረትና ዚንክም ይይዛል። ለበዓልና ለእንግዳ የሚገዛ ነገር መሆኑ ግን ወጣቱን ተስፋ ሊያስቆርጠው አይገባም።

እዚህ ላይ ስለ ሽሮ አንድ ነገር መናገር ያስፈልጋል። «ሽሮ በላሁ» ማለት ልክ አይደለም። ቀጥኖ እንደ መረቅ የሚፈስ ሽሮ ውሃ፣ በርበሬና ጥቂት ዱቄት ነው፤ እንጀራውን ያርሰዋል እንጂ ላይሲኑን አያሟላም። ብዙ ወጣቶች በቀን ሁለት ጊዜ ሽሮ እየበሉ ለውጥ አላየንም የሚሉት ከዚህ የተነሣ ሊሆን ይችላል። ለክብደት አንሺ የሚሠራ ሽሮ ወፍሮ በእንጀራ ተቆርሶ የሚነሣ ይሁን፤ ካልሆነም ከጎኑ የተቀቀለ ባቄላ ወይም የሽምብራ ቆሎ ይቅረብለት።

ጾም ሌላው የዘወትር ጥያቄ ነው። የኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ምእመን በዓመት 180 ቀን ያህል ከሥጋ፣ ከወተትና ከእንቁላል ይታቀባል። ክብደት አንሺ ሊጾም አይችልም የሚል አሠልጣኝ ቢኖር ስሌቱን አልሠራም። ከላይ ከተጠቀሰው ማዕድ ወተቱና እንቁላሉ ሲወጡ የሚጎድለው 28 ግራም ነው። መቶ ግራም ተጨማሪ ጥራጥሬና ሠላሳ ግራም ተጨማሪ ኦቾሎኒ ይተኩታል። በምዕራብ ኢትዮጵያ የሚበቅለው አኩሪ አተር ከመቶው 36 ግራም ያህል ፕሮቲን ስለሚይዝ ከሁሉም ይበልጣል፤ ነገር ግን በጥሬው የፕሮቲንን መፈጨት የሚያግድ ነገር ስላለበት በደንብ መቆላት ወይም መቀቀል አለበት። የዕፅዋት ፕሮቲን ከወተቱና ከእንቁላሉ ጥቂት ባነሰ መጠን ስለሚፈጭ በጾም ወራት መጠኑን ከፍ ማድረግ ይበጃል። ይበልጥ የሚያስቸግረው ሰዓቱ ነው። እስከ ዘጠኝ ሰዓት የሚጾም ሰው ሥልጠናውን ከምግቡ በኋላ ወደ ማታ ቢያዞረው ይሻላል፤ በረመዳን የሚጾመውም እንዲሁ ከማፍጠሪያው በኋላ ቢሠራ፣ በሱሑር ደግሞ ጥራጥሬ ያለበትን ምግብ ቢመገብ ይጠቀማል። ቫይታሚን ቢ12 ግን ከእንስሳት ምግብ እንጂ ከእህል አይገኝምና በፍስክ ቀናት ወተትና እንቁላል ሊዘነጉ አይገባም።

አንጮቴ ከሌሎቹ ይልቅ ረዘም ያለ ቃል ይገባዋል፤ ወለጋ የምትታወቅበት ሥር ነውና። ሐረጉ በእንጨት ወይም በአጥር ላይ ይወጣል፤ የሚበላው በመሬት ውስጥ ያለው ሥሩ ሲሆን ለጋ ቅጠሉም ይበላል። በመስቀል በዓል ያለ አንጮቴ ማዕድ የማይሞላባቸው ቤቶች ብዙ ናቸው። ሕዝቡ አንጮቴን አጥንቱ ለተሰበረና ለወላድ ይሰጣል። በዚህ እምነት ላይ መሳቅ አያስፈልግም። ከሌሎች ሥራ ሥሮች ጋር ሲነጻጸር አንጮቴ በካልሲየም የታወቀ ነው፤ ከመቶ ግራም ጥሬ አንጮቴ ከ100 ሚሊ ግራም በላይ ካልሲየምና 3 ግራም ያህል ፕሮቲን ተለክቶ ተገኝቷል። ድንች ይህን ያህል ካልሲየም የለውም። ከልጣጩ ጋር ተቀቅሎ በኋላ የሚላጥ መሆኑም ማዕድኑ በውሃው ታጥቦ እንዳይወጣ የሚረዳ ጥሩ ልማድ ነው። ይሁንና አንጮቴ የተሰበረ አጥንት ብቻውን ይጠግናል ማለት ሌላ ነገር ነው፤ ስብራት የሐኪም እጅ ይፈልጋል። ለክብደት አንሺው አንጮቴ ሆድ ሳያጨናንቅ ኃይልና ካልሲየም የሚሰጥ ምግብ ነው። በገበያ ሲወደድ ደግሞ ዳጉሳ አለ፤ ከመቶ ግራም ዳጉሳ ከ300 ሚሊ ግራም በላይ ካልሲየም ይገኛል። ዳጉሳን የድሃ እህል ብሎ የሚንቅ ወጣት በአጥንቱ ላይ የሚሸከመውን ብረት ቢያስብ ሐሳቡን ይለውጥ ይሆናል።

ጥሬ እንቁላል መጠጣትን በሚመለከት ነገሩ አጭር ነው። እ.ኤ.አ. በ1998 የቤልጂግ ተመራማሪዎች ሲለኩ፣ ከበሰለው እንቁላል ፕሮቲን 91 ከመቶው ሲፈጭ ከጥሬው የተፈጨው 51 ከመቶ ብቻ ነበር። አራት ጥሬ እንቁላል የሚጠጣ ሰው ሁለት ያህሉን ያባክናል፤ በዚያ ላይ የሳልሞኔላን በሽታ በገንዘቡ ይገዛል። ጥሬ ሥጋም እንዲሁ ከበሰለው የበለጠ ጡንቻ አይሠራም፤ የኮሶ ትል ግን ያስከትላል፤ ትሉም የስፖርተኛውን ማዕድ ይካፈላል።

ስለ ቆርቆሮው ዱቄት መናገር የሚገባው ያለ ጥላቻ ነው። አብዛኛው ከወተት የሚወጣ ፕሮቲን ነው፤ ፕሮቲን መሆኑም እውነት ነው። አንድ ማንኪያው ከ20 እስከ 25 ግራም ይሰጣል፤ አራት እንቁላል፣ ወይም መቶ ግራም ኦቾሎኒ፣ ወይም ከመቶ ግራም ጥቂት የሚበልጥ ባቄላ እኩሉን ይሰጣሉ። ዋጋውን እያንዳንዱ በገበያው ሊያነጻጽር ይችላል። ክሬቲን ሞኖሃይድሬት የተባለው ብቻ ከብዙዎቹ ተለይቶ በጥናት የተደገፈ ጥቅም አለው፤ በቀን ከ3 እስከ 5 ግራም ይበቃል፤ ሥጋ የማይበሉ ሰዎች ክምችታቸው ዝቅ ያለ ስለሆነ ለውጡ ይበልጥ ይታይባቸዋል። ነገር ግን በቆርቆሮው ላይ የተጻፈውና በውስጡ ያለው ሁልጊዜ አንድ አይደለም። በጀርመን የኮሎኝ ቤተ ሙከራ ከ13 አገሮች የተገዙ 634 የምግብ ማሟያዎችን መርምሮ እ.ኤ.አ. በ2004 ባወጣው ውጤት፣ በ94ቱ ውስጥ በመለያቸው ላይ ያልተጻፈ ስቴሮይድ ነክ ቅመም ተገኝቶባቸዋል። ከሰባቱ አንዱ ማለት ነው። በውድድር ሕግ ደግሞ በስፖርተኛው አካል ውስጥ ለተገኘው ነገር ተጠያቂው ራሱ ስፖርተኛው ነው፤ «ሻጩ አታለለኝ» ማለት ከቅጣት አያድነውም። የስቴሮይድ እንክብል ለ17 ዓመት ልጅ የሚያደርሰው ጉዳት ከውድድር እገዳ የከፋ ነው፤ የአጥንቱን እድገት ያለ ጊዜው ይዘጋዋል፣ የዘር ፍሬውን ሥራ ያዳክማል፣ ጉበቱንና ልቡን ይጎዳል።

ኪሎ ለመቀነስ ሲባል ውሃ የሚከለክሉና ሽንት የሚያሸና መድኃኒት የሚሰጡ አሠልጣኞችም ይገኛሉ። እ.ኤ.አ. በ1988 በሴኡል ኦሎምፒክ ሁለት የቡልጋሪያ ክብደት አንሺዎች በፉሮሴማይድ ምክንያት የወርቅ ሜዳልያቸውን ተነጠቁ፤ ቡድኑም ከውድድሩ ወጣ። እ.ኤ.አ. በ1997 መጨረሻ በአሜሪካ ሦስት የኮሌጅ ትግል ተወዳዳሪዎች ኪሎ ለመቀነስ ሲሉ ላብ እያፈሰሱና ውሃ እየተከለከሉ፣ ስድስት ሳምንት ባልሞላ ጊዜ ውስጥ ሞቱ። በማደግ ላይ ያለ ልጅ ወደሚቀጥለው ኪሎ ክፍል ወጥቶ ቢወዳደር ይሻለዋል።

ምግቡን በቀኑ ውስጥ ማከፋፈል ብዙ ገንዘብ ሳይጠይቅ የሚጠቅም ነገር ነው። በብዙ ቤት ቁርስ ሻይና ዳቦ ሆኖ ዋናው ምግብ ለማታ ይቆያል። ጡንቻ ግን በየአራት ወይም በየአምስት ሰዓቱ 25 ወይም 30 ግራም ፕሮቲን ቢደርሰው ይወዳል። ጠዋት ቅንጬ ከወተት ጋር፣ ቀን እንጀራና ወፍራም ሽሮ፣ ከሥልጠና በኋላ የተቀቀለ ባቄላና አንጮቴ፣ ማታ ደግሞ ቂጣና እንቁላል ቢሆን ያው እህል ይበልጥ ይሠራል። ሆዱ የማይችልለት ቀጭን ወጣት ጩኮን ያስብ፤ የገብስ በሶና ቅመም ያለው ቅቤ በትንሽ ጉርሻ ብዙ ካሎሪ ይይዛሉ፤ የድሮ መንገደኛ በስልቻው ይዞት የሚጓዘው ያለ ምክንያት አልነበረም። ኦቾሎኒና በቆሎ ሲገዛ የሻገተውን መለየት ግን ግዴታ ነው፤ በሻጋታው ውስጥ የሚገኘው አፍላቶክሲን ጉበትን ይጎዳል።

ቡናን በተመለከተ፣ ስሙን ለዓለም ገበያ ያበረከተው የለቀምት አገር ወጣት ደስ የሚለው ወሬ አለ። ካፌይን ከሥልጠናው አንድ ሰዓት ያህል በፊት ሲወሰድ በእርግጥ ጉልበት ይጨምራል። ከምግብ ጋር ወይም ወዲያው ከምግብ በኋላ ሲጠጣ ግን የእህሉንና የጥራጥሬውን ብረት ወደ ደም እንዳይገባ ያግዳል። ከምሽት በኋላ የሚጠጣ ሦስተኛ ስኒም እንቅልፍ ይነሣል፤ ለተሠራው ጡንቻ ጥገና ደግሞ እንቅልፍ ያስፈልጋል።

ለአባላቱ የሚቀረው የመለኪያው ነገር ነው። ሲሚንቶ የሚያነሣ ወጣት በቤቱ ሚዛን የለውም፤ በዲጋ ገበያ ያለው እህል ነጋዴ ግን አለው። በሳምንት አንድ ጊዜ፣ በአንድ ቀን፣ ጠዋት ሳይበላ በዚያ ሚዛን ላይ ይቁምና ቁጥሩን በደብተሩ ይጻፍ። በአራት ሳምንት ውስጥ ክብደቱ ካልጨመረና በብረቱ ላይም ለውጥ ካላየ፣ መምህሩ ስለ ዱቄት ከመናገሩ በፊት የቁርሱን ዓይነትና የሽሮውን ውፍረት ይጠይቀው፤ ከዚያም በቀን አንድ ተጨማሪ ቂጣና አንድ ጭብጥ ባቄላ ይጨምርለትና ለሌላ አራት ሳምንት ይመዝነው።